«እፈልጋለሁ» የማይበቃበት ቦታ፦ የመሻት ቃላትን እንደየመልካቸው የመምረጥ መመሪያ

ደብዳቤ፣ ዜና ወይም ትርጉም በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ጽሑፉን መልሶ ሲያነብ «ይፈልጋል»፣ «ፈልጎ ነበር»፣ «ፍላጎት አለው» የሚሉት ከሚገባው በላይ ተደጋግመው ያገኛቸዋል። ቃሉ በራሱ ጥፋት የለበትም። ችግር የሚመጣው የሌሎቹን ሁሉ ሥራ ለብቻው ሲሸከም ነው። ቡና ያማረው፣ እናቱ የናፈቀችው፣ ሹመት የከጀለ፣ ለወዳጁ ጤና የሚመኝ፣ ፍትሕ የተጠማ ሰው ሁሉ በአንድ «ፈለገ» ከተጠሩ፣ አንባቢው ስሜቱ ከየት እንደመነጨ፣ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ፣ የተፈለገው ነገር የሚደረስበት ይሁን የማይደረስበት፣ ፈላጊውም የሚመሰገን ይሁን የሚነቀፍ ማወቅ ይሳነዋል። ከዚህ በታች አንድ ጸሐፊ ቃሉን ከመምረጡ በፊት ለራሱ ሊያቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎችን አብራራለሁ፤ ጥያቄዎቹ በትክክል ከተመለሱ ቃሉ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይመጣል።

የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ፣ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አድራጊው ማን ነው የሚለው ነው። «ሥራ እፈልጋለሁ» ስንል አድራጊው ሰውየው ነው፤ አስቦበታል፣ ወስኗል፣ ለማግኘትም ይንቀሳቀሳል። «ቁልፌን እየፈለግሁ ነው» በማለት ማሰስንም የምንገልጸው በዚሁ ቃል በመሆኑ፣ በ«ፈለገ» ውስጥ ምንጊዜም የጥረት ሽታ አለ። «ቡና አማረኝ»፣ «ዝም ማለት አሰኘኝ»፣ «አገሬ ናፈቀችኝ» ስንል ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ቡናው፣ ዝምታው፣ አገሪቱ ናቸው፤ ሰውየው በ«-ኝ» የተመለከተ ተሳቢ ብቻ ነው። ስሜቱ ከውጭ መጥቶ ያዘው እንጂ እሱ ሄዶ አልያዘውም። «ራበኝ» እና «ጠማኝ» የሚሉትም የተሠሩት በዚሁ መልክ ነው። ስለዚህ ባለታሪክዎ ያሰበበትንና የቆረጠበትን ነገር ሲጽፉ «ፈለገ» ይበሉ፤ ሳያስበው የመጣበትን ስሜት ሲጽፉ ደግሞ ነገሩን ባለቤት፣ ሰውየውን ተሳቢ የሚያደርጉትን ግሦች ይምረጡ።

በእነዚህ ግሦች ሲጠቀሙ ሦስት ነገሮችን ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ነገሩ ባለቤት ስለሆነ የተሳቢ ምልክት የሆነውን «-ን» አይቀበልም፤ «ቡናን አማረኝ» የሚል ዐረፍተ ነገር ስሕተት ነው። ሁለተኛ፣ ግሡ የሚስማማው ከነገሩ ጋር ነው፤ «እናቴ ናፈቀችኝ»፣ «ልጆቼ ናፈቁኝ» ይባላል እንጂ «እናቴ ናፈቀኝ»፣ «ልጆቼ ናፈቀኝ» አይባልም። ሰውየውን ባለቤት ማድረግ ሲያስፈልግ «እናቴን ናፈቅሁ» ማለት ይቻላል፤ ያኔ «-ን» ይመለሳል፣ አነጋገሩም ከዕለታዊው ንግግር ይልቅ ወደ ጽሑፍና ወደ ግጥም ያዘነብላል። ሦስተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። አሁን በዚህ ሰዓት የሚሰማንን ስሜት የምንናገረው በኃላፊው ቅርጽ ነው፦ «ቡና አማረኝ»፣ «ናፈቅሽኝ»፣ «ራበኝ»። «ያምረኛል» ስንል ግን ብዙውን ጊዜ ልማድን እንገልጻለን፤ «ዝናብ ሲዘንብ የተጠበሰ በቆሎ ያምረኛል» እንደማለት። ከሌላ ቋንቋ የሚተረጉሙ ሰዎች የአሁን ጊዜን በአሁን ጊዜ ለመመለስ ሲሉ «አሁን ቡና ያምረኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ጆሮ ወዲያው ይጎረብጠዋል።

«አማረኝ» እና «አሰኘኝ» ጎረቤታሞች ቢሆኑም አንድ አይደሉም። «አማረኝ» የተለየ ነገር ይፈልጋል፤ ጣዕሙ፣ ሽታው ወይም መልኩ በሐሳብ የመጣ ነገር ነው የሚያምረን። ነፍሰ ጡር ሴት «ምን አማረሽ?» ተብላ የምትጠየቀው ለዚህ ነው፤ አምሮት ስም አለው፣ ስሙ ሲጠራም ፈልጎ ማምጣት ይቻላል። «አሰኘኝ» ደግሞ የዝንባሌ ቃል ነው። ታማሚን የሚጠይቅ ሰው «ምግብ ያሰኝሃል?» ሲል ሰውነቱ ምግብ የሚባል ነገር ይቀበል እንደሆነ ይጠይቃል፤ «ምን ያምርሃል?» ሲል ደግሞ ሽሮ ይሁን ገንፎ እንዲመርጥ ዕድል ይሰጠዋል። «አማረ» ያለ ተሳቢ ሲመጣ ውበትን እንደሚያመለክትም አይዘንጉ፤ «ቀሚሱ አማረ» ማለት ቆንጆ ሆነ፣ «ቀሚሱ አማረኝ» ማለት እንዲኖረኝ ልቤ ሻተ፣ «ቀሚሱ አማረብሽ» ማለት ደግሞ ለአንቺ ተስማማ ማለት ነው። በአንዲት ምዕላድ፣ ማለትም ከግሡ ጋር በምትቀጠል ትንሽ የቃል ክፍል ብቻ፣ ሦስት ልዩ ልዩ ነገር መናገር ይቻላል።

ከነዚህም የበለጠ ሕይወት ያለው፣ ነገር ግን በጽሑፍ ላይ እየተረሳ የመጣ አንድ አባባል አለ። የአማርኛ ተናጋሪ ድንገተኛ ግፊትን የሚገልጸው ከውስጥ እንደሚያዝዘው ድምፅ አድርጎ ነው፦ «አልቅስ አልቅስ ይለኛል»፣ «ብረር ብረር አለኝ»፣ «ሂድ ሂድ ይለዋል»። ትእዛዙ ይደገማል፤ አዛዡ አይጠራም፤ ታዛዡም ሰውየው ራሱ ነው። «ማልቀስ ፈለግሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ይህን አያደርስም፤ እንዲያውም ሰውየው አስቦ ለማልቀስ የተዘጋጀ ያስመስለዋል። ልብ ወለድ ወይም ትዝታ የሚጽፍ ሰው ይህን አባባል ያለ ሥጋት ይጠቀምበት፤ የመንደር ንግግር ነው ተብሎ ከመልካም ጽሑፍ የሚገለልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕይወት ስለሌለው ነገር ሲጻፍ ደግሞ «ፈለገ» ጨርሶ ባይገባ ይሻላል። መኪና መነሣት «አይፈልግም» አይባልም፤ «አልነሣ አለ» ይባላል። በሩ «አልከፈት አለ»፣ ቁስሉ «አልድን አለ»፣ እሳቱ «አልያያዝ አለ»። ለሰውም ቢሆን «አልበላ አለ» እና «መብላት አልፈለገም» ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ከውጭ የታየውን እምቢታ ሲናገር፣ ሁለተኛው ውስጡን ያወቀ ሰው ፍርድ ነው። የሕፃንን ወይም የታማሚን ነገር የሚመዘግብ ሰው ያየውን ብቻ መጻፍ ስላለበት የመጀመሪያውን ቢመርጥ ይታመናል። ድርጊቱ አፋፍ ላይ ደርሶ ሳይፈጸም ሲቀርም የራሱ ቃላት አሉት፤ «ሊያለቅስ ዳዳው» የሚለው እንባው የደረሰ መሆኑን፣ «ሊመታው ቃጣው» የሚለው ደግሞ እጁ መሰንዘር መጀመሩን ያሳያል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የተፈለገው ነገር ከፈላጊው አንጻር የት ነው ያለው የሚለው ነው። ከኋላ ከሆነ፣ ማለትም ቀድሞ የነበረና አሁን የራቀ ከሆነ፣ ቃሉ «ናፈቀ» ነው። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በጅዳ የሚኖር ሰው ስለ ትውልድ ቀዬው ሲናገር «ናፈቀኝ» የሚለው ኖሮበት ስለሚያውቅ ነው፤ እዚያው ውጭ አገር የተወለደው ልጁ ግን አይቶት ለማያውቀው የአያቶቹ አገር «ለማየት ጓጉቻለሁ» ቢል ይስማማል። ልጁም «ናፈቀኝ» ካለ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም፤ ያላየውን እንዳየ የሚቆጥር ጥልቅ ስሜት እየተናገረ ነው፣ አንባቢውም እንደዚያው ይረዳዋል። ይህ ወደኋላ የመመልከት ባሕርይ በፖለቲካ ንግግርም ይሠራበታል፤ «የቀድሞው ሥርዓት ናፋቂ» የሚለው ወቀሳ የሚነድፈው ሰውየው ያለፈን ነገር እንዲመለስ ይሻል ስለሚል ነው። «ሥልጣን ፈላጊ» ከተባለ ግን ወቀሳው ስለሚመጣው ነው። ናፍቆቱ ቋሚ ሳይሆን ድንገት ብልጭ የሚል ከሆነ «ውል አለኝ» ይባላል፤ በበዓል ዋዜማ የቄጤማ ሽታ ውል ይላል፣ ከዚያም ያልፋል።

ነገሩ ከፊት ከሆነና መምጣቱም ከታወቀ «ጓጓ» ይስማማል። ጉጉት መጠበቅን ይዟል፤ ውጤት፣ እንግዳ፣ ጉዞ፣ ልደት በጉጉት ይጠበቃሉ። ነገሩ ከፊት ሆኖ መምጣቱ ግን ካልታወቀ፣ ወይም ጨርሶ የማይመጣ ከሆነ፣ «ተመኘ» ነው። ምኞት ጥረትንም ተስፋንም አያስገድድም፤ «ምኞት አይከለከልም» የሚባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለውን ሰው «ፈላጊ» ብንለው እናጋንንለታለን፤ እሱ ተመኝቷል እንጂ አልፈለገም። ስለዚህ አንድ ዜና «ኩባንያው በሚቀጥለው ዓመት ፋብሪካ ለመክፈት ተመኝቷል» ቢል፣ ኩባንያው ምንም ዝግጅት እንደሌለው እየተናገረ ነው። «ዐቅዷል»፣ «አስቧል» ወይም «ይፈልጋል» ከሚሉት መካከል የትኛው እውነት እንደሆነ ጸሐፊው ጠይቆ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ሥልጣን ነው፦ የሰውየው መፈለግ አንድን ነገር የሚያስፈጽም ነው? ከሆነ «ፈቃድ» የሚለው ቃል ይገባል። «ፈቀደ» በግእዝ ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው፤ በዛሬው አማርኛ ግን በአብዛኛው «ይሁን አለ» የሚለውን ትርጉም ይዟል። አሮጌው ትርጉም ግን አልጠፋም፤ በጸሎት «ፈቃድህ ይሁን» ሲባል ፈጣሪ ፈቃድ እንዲሰጥ እየተለመነ ሳይሆን፣ እሱ የወደደው እንዲፈጸም እየተባለ ነው። በሕግ ቋንቋም ሁለቱ ትርጉሞች ተጣምረው ይኖራሉ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻን በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ያደርገዋል። በዚህ ቦታ «ፍላጎት» ቢገባ ኖሮ ድንጋጌው ይላላ ነበር፤ ፍላጎት ሳይነገር በልብ ሊቀር ይችላል፣ ፈቃድ ግን ይነገራል፣ ይጠየቅበታል፣ ይመሰከርበታል። ስምምነትን፣ ውልን ወይም የሕክምና ውሳኔን የሚመለከት ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ልዩነት አጥብቀው እንዲይዙ እለምናለሁ።

ከዚሁ ጋር «ያስፈልጋል» ን ከ«ይፈልጋል» መለየት ይገባል። መራራ መድኃኒት ለታማሚው ያስፈልገዋል፤ እሱ ግን አይፈልገውም። «ይሻል» የሚለው ደግሞ በመካከል ይቆማል፤ «ጉዳዩ ትኩረት ይሻል»፣ «ጥያቄው አፋጣኝ ምላሽ ይሻል» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች ሕይወት የሌለው ጉዳይ እንኳ ባለቤት ሆኖ ይገባል። ቃሉ በንግግር ቢሳሳም በጽሑፍ ጤነኛ ነው፤ «ይሻላል» ከሚለው የማበላለጫ ቃል ጋር እንዳይምታታ ብቻ አጻጻፉን መጠበቅ ነው። «እንዳሻው ይናገራል» ስንል ግን ከልክ ያለፈን ነፃነት እንነቅፋለን።

አራተኛው ጥያቄ፣ ጸሐፊው በፈላጊው ላይ ምን ፍርድ እየሰጠ ነው የሚለው ነው። አማርኛ በዚህ በኩል እጅግ ባለጸጋ ነው፤ ባለጸግነቱም አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ገለልተኛ ነኝ የሚል ጸሐፊ በቃሉ ብቻ ሊፈርድ ይችላል። «ከጀለ» የማይገባን ነገር፣ በተለይም የሌላ ሰው የሆነውን፣ በልብ መሻት ነው፤ መሬት፣ ሹመት፣ የሰው ትዳር ይከጀላል። «ሊዋሽ ከጀለው» ሲባልም ፈተናው ልቡን ጎበኘው ማለት ነው። «ቋመጠ» ውስጥ ማጣት አለ፤ ሌላው ሲበላ ወይም ሲለብስ እያየ የቆመ ሰው ነው የሚቋምጠው፣ ስለዚህ ቃሉ ከነቀፋ ይልቅ ርኅራኄን ሊቀሰቅስ ይችላል። «ጎመጀ» ከምራቅ ጋር የተያያዘ ነው፤ «የሚያስጎመጅ ወጥ» ምስጋና ሲሆን፣ «የወንድሙን ርስት ጎመጀ» ግን ወቀሳ ነው። «ቀላወጠ» ወደ ድርጊት ይሻገራል፤ ሰው በሚበላበት ሰዓት እየጠበቀ ብቅ የሚል ሰው ይቀላውጣል እንጂ ይፈልጋል አይባልም።

«ተመኘ» ም በዚህ ረገድ ሁለት መልክ አለው፣ መልኩን የሚለየውም ተከትሎት የሚመጣው ነው። «ዕድሜና ጤና እመኝልሃለሁ» ስንል «-ል-» የምትባለው ምዕላድ ምኞቱን ወደ ሌላው ጥቅም ታዞረዋለች። ያለእሷ ሲመጣና ተሳቢው የሌላ ሰው ንብረት ወይም ሰው ራሱ ሲሆን ግን ኃጢአት ይሆናል፤ የአሥርቱ ትእዛዛት መጨረሻ «አትመኝ» የሚለው ይህንን ነው። «ተመኘላት» እና «ተመኛት» በሚሉት መካከል ያለውን ርቀት የአማርኛ አንባቢ ሁሉ ያውቃል፤ ፊደል ያስቀረ ጸሐፊ ምርቃትን ወደ ነውር ይለውጣል። «ተጠማ» እና «ተራበ» በምሳሌያዊ አገባብ ሲመጡ በአብዛኛው የሚገባን ነገር ስለተነፈገ ሰው ይናገራሉ፦ ፍቅር የተራበ ልጅ፣ ፍትሕ የተጠማ ሕዝብ። ከዚያው ሥር የወጣው «ጥመኛ» ግን ፍርዱን ይገለብጠዋል፤ የሥልጣን ጥመኛ ቢጠጣም አይረካም። አንድን ሰው በዜና ውስጥ «ጥመኛ» ከማለት በፊት ማስረጃ መያዝ የጸሐፊው ግዴታ ነው።

ሌላ ሰው ፊት ቆሞ አንድን ነገር መፈለግን መናገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ጥበቡም በአብዛኛው ግሡን መሸሽ ነው። በሱቅ «ስኳር እፈልጋለሁ» ማለት ነውር የለበትም፤ ይሁንና «ስኳር ነበር» ወይም «ስኳር ፈልጌ ነበር» የሚለው ይለሰልሳል፤ ኃላፊው ጊዜ ጥያቄውን ከሰሚው ትከሻ ላይ ያነሣዋል። የቤት ባለቤት ለእንግዳ «ምን ፈለግህ?» ካለ ያባርረዋል፤ አስተናጋጅ «ምን ልታዘዝ?» ይላል። አለቃ «እፈልግሃለሁ» ሲል ሰውየውን ማነጋገር መሻቱን ነው የሚናገረው፣ «ትፈለጋለህ» የሚለው ግን ጠሪውን ስለሚደብቅ ያስደነግጣል። ለጋብቻ የተላኩ ሽማግሌዎችማ ግሡን ጨርሰው ይተዉታል፤ «ልጅዎን ለልጄ» ብለው ያቆማሉ፣ ቀሪው የአባትየው ነው። በመሥሪያ ቤት ማመልከቻ «እንዲደረግልኝ እፈልጋለሁ» ተብሎ አይጻፍም፤ «እንዲደረግልኝ በትሕትና አመለክታለሁ» ይባላል። መሥሪያ ቤቱ ሲመልስ ደግሞ «ለመግለጽ እንወዳለን» ይላል፤ እዚህ «መውደድ» ፍቅር ሳይሆን የመደበኛ ጽሑፍ ፈቃድ ነው።

እምቢታም እንዲሁ በደረጃ ይሄዳል። «አልፈልግም» በር ይዘጋል። «አላሰኘኝም» ምክንያቱን ወደ ስሜት ስለሚያዞረው ጋባዡን አያስቀይምም። በማዕድ ላይ ግን ሁለቱም ቀርተው «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ቢባል ይመረጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሁለት ቃላት መካከል ተወላውለው ከቀሩ የሚረዳዎ አንድ ፈተና አለ፤ መጨረሻውን ይጠይቁ። በአማርኛ እያንዳንዱ መሻት የሚያልቅበት የራሱ ግሥ አለው። ፍላጎት ይሟላል። ምኞት ይሠምራል፣ ይፈጸማል። አምሮትንና ናፍቆትን ይወጡታል። ጥም ይቆረጣል። ፈቃድ ይሰጣል ወይም ይፈጸማል። ባለታሪክዎ ያገኘው ነገር «አምሮቱን ተወጣ» ሊያሰኝ የሚችል ከሆነ፣ መጀመሪያ ላይም «አማረው» ማለት ነበረበት፤ «እንዳማረው ቀረ» የሚለውን ሐዘንም በኋላ መጠቀም ይቻላል። «ፍላጎቱ ተሟላ» ጆሮ ላይ የማይቀመጥ ከሆነ ደግሞ «ፈለገ» ያለቦታው ገብቶ ነበር ማለት ነው። ፈተናው ካልበቃ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን የአማርኛ መዝገበ ቃላት መግለጥ አይከፋም።

አሁን አንድ ጽሑፍ እናቃና። በውጭ አገር ያለች ተማሪ በዕድሜ ለምታከብራት ዘመዷ እንዲህ ጻፈች እንበል፦ «እትዬ፣ እርስዎን ማየት በጣም እፈልጋለሁ። የእርስዎን ዶሮ ወጥ መብላት እፈልጋለሁ። ጤናማ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ። ለጥምቀት መምጣት እፈልጋለሁ። የልደት ምስክር ወረቀቴን እንዲልኩልኝ እፈልጋለሁ። ትምህርቴን ስጨርስ አገሬ ገብቼ መሥራት እፈልጋለሁ።»

የመጀመሪያው ነበራትና የራቃት ነገር ስለሆነ «እትዬ፣ በጣም ናፍቀውኛል» ይሁን፤ የአክብሮቱ ግሥ ከእትዬ ጋር መስማማቱን ልብ ይበሉ። ዶሮ ወጡ በዓል በመጣ ቁጥር ብልጭ የሚል ትዝታ ከሆነ «የእጅዎ ዶሮ ወጥ በዓል በደረሰ ቁጥር ውል ይለኛል» ቢባል ይበቃል። ጤናን ሰው ለሰው አያዝዝም፤ «ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ» ተብሎ ይመረቃል። የጥምቀቱ ጉዞ ቲኬት ከተቆረጠለት «ለመምጣት ተዘጋጅቻለሁ»፣ ገና ከሆነ «አስቤያለሁ» ይባላል። ስለ ወረቀቱ «ካላስቸገርኩዎ የልደት ምስክር ወረቀቴን ቢልኩልኝ» ብላ እዚያው ላይ ታቁም፤ ዐረፍተ ነገሩ ያለ ማሰሪያ መቅረቱ ራሱ ልመና ነው፣ እትዬም ይረዱታል። የመጨረሻው ግን አይነካ። እዚያ ላይ ልጅቷ ያሰበችበትንና የወሰነችውን እየተናገረች ነው፤ «ትምህርቴን ስጨርስ አገሬ ገብቼ መሥራት እፈልጋለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር፣ ከላዩ አምስቱ «እፈልጋለሁ» ከተነሡለት በኋላ፣ የሚናገረውን በሙሉ ድምፁ ይናገራል።